ለወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ የሚሆን የወርቅ ልባጥ አመራረጥ፦ የመስፈርቶችና የአማራጮች ንጽጽር

በፒን ወይም በማገናኛ ንድፍ ጥግ ላይ «በወታደራዊ መስፈርት መሠረት በወርቅ ይለበጥ» ከሚለው ሌላ ምንም ካልተጻፈ፣ ንድፍ አውጪው ውሳኔውን ለለባጩ አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው። ለባጩ ደግሞ በዕለቱ በተዘጋጀው ገንዳ ይለብጣል፤ ወርቁም ያበራል፤ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ሲገባና ሲወጣ የሚኖረው ፒን ተፍቆ መዳቡ ይገለጣል፣ ወይም በስታኞ የተበየደው እግር በንዝረት ይሰነጠቃል፣ ወይም ቀጭን ሽቦ ሊጣበቅበት የሚገባው ገጽ ሽቦውን አልይዝ ይላል። በሁሉም ላይ የተለበጠው እውነተኛ ወርቅ ነው፤ ለሥራው የሚሆነው ወርቅ ግን አይደለም።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት «ንጹሑና ወፍራሙ ይሻላል» በሚል እምነት ነው። ለጌጣጌጥ ያስኬድ ይሆናል። ለኤሌክትሮኒክስ ግን ንጹሕ ወርቅ በሚንሸራተት ፒን ላይ፣ ወፍራም ወርቅም በሚበየድ እግር ላይ ጉዳት ነው። ምርጫው የሚጀምረው ከወርቁ ሳይሆን ገጹ ከሚሠራው ሥራ ነው፤ ይነካካል፣ ይበየዳል፣ ሽቦ ይያዝበታል ወይስ ሙቀት ይበዛበታል?

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አሳብ ማረም ያስፈልጋል። ወርቅ የሚመረጠው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አንደኛ ስለሆነ አይደለም። የብር ሬዚስቲቪቲ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም ባሕርይ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) 1.59 ማይክሮኦም ሴንቲሜትር፣ የመዳብ 1.68 ገደማ ሲሆን፣ የወርቅ 2.2 አካባቢ ነው። የወርቅ ብልጫ ገጹ ላይ ነው፤ አየር ላይ ኦክሳይድ አያበቅልም። ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ መሣሪያ በተነሳ ጊዜ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ የሆነች ምልክት በትንሽ ግፊት ሳትቋረጥ ማለፍ አለባት። ወታደራዊ መስፈርቶች ወርቅን የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

የትኛው ሰነድ?

ለረጅም ዘመን ዋናው ሰነድ የአሜሪካ ጦር ሚል-ጂ-45204 ነበር («ሚል» ወታደራዊ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር ነው)፤ አሁን ሚል-ዲቲኤል-45204 በሚል ስያሜ ይታወቃል። በ1994 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዊሊያም ፔሪ መሥሪያ ቤታቸው በተቻለ መጠን ከወታደራዊ መስፈርቶች ይልቅ የሲቪሉን ኢንዱስትሪ መስፈርቶች እንዲጠቀም አዘዙ። ከዚያ ወዲህ ኤኤስቲኤም የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ሰነድ፣ ኤኤስቲኤም ቢ488፣ በወታደራዊ ውሎችም ውስጥ በሰፊው ይጠቀሳል። በአውሮፕላን ዘርፍ ኤኤምኤስ 2422፣ በዓለም አቀፍ ንግድ ደግሞ አይኤስኦ 27874 አሉ።

ሚልና ኤኤስቲኤም በአብዛኛው መንትዮች ናቸው። ሁለቱም ወርቁን በንጽሕናው በሦስት ዓይነት ይከፍሉታል፦ ዓይነት 1 ቢያንስ 99.7 በመቶ፣ ዓይነት 2 ቢያንስ 99.0 በመቶ፣ ዓይነት 3 ቢያንስ 99.9 በመቶ። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ንጽሕናው በተራ እንደማይጨምር ልብ ይሏል፤ ይህን ቅደም ተከተል ማን እንዳወጣው የሚያስመሰግነው ነገር የለም። ጥንካሬውም በሁለቱም ዘንድ በክኑፕ መለኪያ (መርፌ ገጹን ሲጫን በሚተወው ምልክት ጥንካሬን የሚለካ ነው) በአራት ፊደል ይገለጻል፦ ኤ እስከ 90፣ ቢ ከ91 እስከ 129፣ ሲ ከ130 እስከ 200፣ ዲ ከ200 በላይ።

የሚለያዩት በውፍረት አጠራር ነው፤ ወጥመዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። በሚል ሰነድ ክፍል 00 ማለት 0.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ክፍል 0 ማለት 0.75፣ ክፍል 1 ማለት 1.27፣ ክፍል 2 ማለት 2.54፣ ክፍል 3 ማለት 5.08፣ ክፍል 4 ማለት 7.62፣ ክፍል 5 ማለት 12.7፣ ክፍል 6 ማለት 38.1 ማይክሮን ነው። በኤኤስቲኤም ግን የክፍሉ ስም ራሱ ውፍረቱ ነው፤ 1.25 ከተባለ 1.25 ማይክሮን ነው፣ 5.0 ከተባለም 5 ማይክሮን። እንግዲህ «ክፍል 5» የሚል ትዕዛዝ ሰነዱ ሳይጠቀስ ቢወጣ አንዱ ለባጭ 5 ማይክሮን፣ ሌላው 12.7 ማይክሮን ሊያለብስ ይችላል። በገንዘብም በቴክኒክም ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ለአዲስ ንድፍ የኤኤስቲኤሙን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ራሱን ስለሚናገር ለስሕተት የተጋለጠ አይደለም። ለጥገናና ለነባር መሣሪያ መለዋወጫ ግን በውሉ የተጠቀሰው ሚል እንዳለ ይቆይ፤ «ተመሳሳይ ነው» ብሎ መተርጎም በምርመራ ጊዜ ጣጣ ያመጣል። ደግሞም የዕቃው የራሱ መስፈርት ካለ ከሁሉም ይቀድማል። ለምሳሌ የጦር ማይክሮሰርኪዩቶች (ቺፖች) በሚል-ፒአርኤፍ-38535 ይመራሉ፤ ይህ ሰነድ በእግሮቹ ላይ ያለው ወርቅ ከ1.27 ማይክሮን እንዳያንስ፣ ከ5.72 ማይክሮንም እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙ ሰው ዝቅተኛውን ወለል ብቻ ያስታውሳል፤ ጣሪያውም መስፈርት ነው።

ንጹሕ ወርቅ ወይስ ጠንካራ ወርቅ?

ጠንካራ የሚባለው ወርቅ በጣም ጥቂት ኮባልት ወይም ኒኬል የተጨመረበት ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ እጅግ ያንሳል፤ ሆኖም የልባጡን ቅንጣቶች ስለሚያደቅ ጥንካሬውን ከ90 በታች ወደ 130 እስከ 200 ያወጣዋል። ንጹሕ ወርቅ ከሌላ ንጹሕ ወርቅ ጋር ሲፋተግ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ፒኑ ከሶኬቱ ሲወጣ ወርቁ ተቦጭቆ ይቀራል። ሙቀት እንኳ ሳይኖር በግፊት ብቻ የሚፈጠር ብየዳ ነው። ስለዚህ ለሚገባና ለሚወጣ ማገናኛ ኤ ደረጃ አይመረጥም።

ሁሉም ዓይነት ከሁሉም ጥንካሬ ጋር አይገጥምም። ዓይነት 1 በኤ፣ በቢ ወይም በሲ ይሠራል፤ ዓይነት 2 በቢ፣ በሲ ወይም በዲ፤ ዓይነት 3 ደግሞ በኤ ብቻ። «ዓይነት 3፣ ደረጃ ሲ» ብሎ የጻፈ ሰው ሊኖር የማይችል ነገር አዟል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲመጣ ጥሩ ለባጭ ደውሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ዝም ብሎ የመሰለውን ይሠራል።

ለማገናኛ ፒኖች የተለመደው ምርጫ ዓይነት 2፣ ደረጃ ሲ ሲሆን ውፍረቱ 1.27 ማይክሮን ነው። በጦር አውሮፕላኖችና ተሽከርካሪዎች የምናገኛቸው የሚል-ዲቲኤል-38999 ክብ ማገናኛዎች ፒኖች በኤኤስ39029 የሚመሩ ናቸው፤ በእነዚህም ላይ 1.27 ማይክሮን ወርቅ የታወቀው ወለል ነው። ማገናኛው 500 ጊዜ ቢገጠምና ቢነቀል እንዲቆም ይጠበቃል፤ በለስላሳ ወርቅ የሚታሰብ አይደለም።

ጠንካራው ወርቅ ግን ሙቀት ላይ ድካም አለው። ያጠነከረው ኮባልት ወይም ኒኬል ሙቀት ሲቆይበት ወደ ገጹ ይወጣና ኦክሳይድ ይሆናል፤ የመነካኪያው ሬዚስታንስም እያደገ ይሄዳል። ከ125 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሞተር አጠገብ የሚቀመጥ፣ ወደ ንጹሑ መመለስ አለበት፤ ዓይነት 1 ወይም ዓይነት 3። ያን ጊዜ የመቦጨቁ ችግር ስለሚመለስ የመግጠምና የመንቀል ቁጥር መቀነስ ግድ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ልባጥ ማግኘት አይቻልም፤ ይቻላል የሚል ሻጭ ካጋጠመ የፈተና ውጤቱን ማየት ነው።

ከወርቁ ሥር ያለው

በግሌ ከወርቁ ውፍረት በፊት የምጠይቀው ከሥሩ የሚለበጠውን ኒኬል ነው። መዳብ በወርቅ ውስጥ እየሰረገ ወደ ገጹ ይወጣል፤ ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናል፤ እዚያም ኦክሳይድ ይሆናል። በነሐስ (ብራስ) ውስጥ ያለው ዚንክም እንዲሁ ያደርጋል። ኒኬል ይህን መንገድ ይዘጋል። ከዚህም በላይ ስስ ወርቅ ሁልጊዜ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳው ሥር መዳብ ካለ ዝገት ይፈላል፣ ኒኬል ካለ ግን ራሱን በስስ ሽፋን ይከላከላል። በተጨማሪም ጠንካራ መሠረት ስለሆነ ወርቁ በፍትጊያ ቶሎ አያልቅም። ሚል-ዲቲኤል-45204 እንደ ነሐስና ቤሪሊየም መዳብ ባሉ መዳብ የበዛባቸው ብረቶች ላይ እንዲህ ያለ ማገጃ እንዲኖር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቢያንስ 1.27 ማይክሮን ነው።

ብርን ከወርቅ ሥር ማድረግ ርካሽ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በዚያው ሰነድ የተከለከለ ነው፤ የዕቃው መስፈርት በግልጽ ካላዘዘ በስተቀር አይፈቀድም። ብር በወርቁ ቀዳዳዎች በኩል ወጥቶ ከአየር ውስጥ ድኝ ጋር ይዋሐድና ጥቁር ሽፋን ያበጃል። የጠቆረ አሮጌ የወርቅ ፒን ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው ነው።

ኒኬል የማይመችበትም ቦታ አለ። ማግኔታዊ ስለሆነ ማግኔት በሚለኩ መሣሪያዎች ውስጥ አይፈለግም። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲም ጅረቱ የሚሄደው በገጹ አጠገብ ብቻ ነው፤ በ10 ጊጋኸርዝ ጅረቱ በወርቅ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት 0.8 ማይክሮን ገደማ ነው። ወርቁ ከዚያ ከሳሳ ምልክቱ ኒኬሉ ውስጥ ገብቶ ይባክናል። በእንዲህ ያለ ሥራ ወይ ወርቁን ማወፈር ነው፣ ወይ ሌላ የሥር ልባጥ መፈለግ። ፎስፈረስ የበዛበት፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጥ ኒኬል ማግኔታዊ ስላልሆነ አንዱ መውጫ ነው።

ስታኞ ሲመጣ ወርቅ ጠላት ነው

እዚህ ላይ ወርቅ አክባሪዎች ይከፋቸዋል። ወርቅ በቀለጠ ስታኞ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፤ በስታኞው ውስጥ ካለው ቆርቆሮ (ቲን) ጋርም ተዋሕዶ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ውሕድ ይፈጥራል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ወርቅ በክብደት ከ3 በመቶ አካባቢ ካለፈ መገጣጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አይታወቅም፤ ንዝረትና የሙቀት መፈራረቅ ሲመጣ ይታወቃል፤ ወታደራዊ ዕቃ ከዚህ ውጭ ሕይወት የለውም።

ስለዚህ የብየዳ መስፈርቱ ጄ-ኤስቲዲ-001 ከ2.54 ማይክሮን በላይ ወርቅ ያለበት በቀዳዳ የሚገባ እግር ከመበየዱ በፊት ወርቁ እንዲነሣ ይጠይቃል። የሚነሣው እግሩን በቀለጠ ስታኞ ውስጥ በመንከር ነው፤ የመጀመሪያው ገንዳ ወርቁን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ንጹሕ ስታኞ ያለብሳል። የመጀመሪያው ገንዳ ወርቅ እየጠጣ ስለሚሄድ በየጊዜው ይመረመራል፣ ይቀየራል። ከፍለው ያስለበጡትን ከፍሎ ማስነሣት የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን በሚበየድ ገጽ ላይ 5 ማይክሮን ያዘዘ ሰው ራሱ የጠራው ወጪ ነው።

ገጹ ለመበየድ ብቻ ከሆነ ወርቁ ስስ ይሁን። የወርቅ ሥራ እዚያ ሥሩ ያለውን ኒኬል እስከ ብየዳው ሰዓት ከኦክሳይድ መጠበቅ ነው። በሰርኪዩት ሰሌዳዎች ላይ የሚለበጠው ኢኒግ የተባለው ዘዴ ይህን አሳብ የተከተለ ነው፦ ከ3 እስከ 6 ማይክሮን ኒኬል፣ ከላዩ 0.05 ማይክሮን አካባቢ ወርቅ። ጉድለቱ ደግሞ ወርቁ ሲለበጥ ኒኬሉን ሊበላው መቻሉ ነው፤ በሙያው ዘንድ «ጥቁር ገጽ» ይባላል፤ ብየዳው የያዘ መስሎ ይለቃል። ኢኔፒግ የተባለው በኒኬሉና በወርቁ መካከል ፓላዲየም ያስገባል፣ ከ0.05 እስከ 0.30 ማይክሮን፤ ጥቁር ገጽን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ሽቦም ይይዛል። ውድ ነው፤ ብየዳና ሽቦ በአንድ ሰሌዳ ላይ ከተገናኙ ግን ሌላ አማራጭ ባልፈልግ እመርጣለሁ። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሶኬት ውስጥ የሚገቡት ጣቶች ግን በሁለቱም አይሠሩም፤ እነርሱ ጠንካራ ወርቅ ይፈልጋሉ።

ሽቦ ለማጣበቅ

ቺፕን ከማሸጊያው ጋር የሚያገናኘው የወርቅ ሽቦ በሙቀትና በአልትራሳውንድ ሲጫን ከገጹ ጋር እንዲዋሐድ ገጹ ለስላሳና ንጹሕ መሆን አለበት። ዓይነት 3፣ ደረጃ ኤ፤ ክርክር የለውም። በጠንካራ ወርቅ ውስጥ ያለው ኮባልት ሲሞቅ ወደ ገጹ ወጥቶ ሽቦውን ይከለክላል።

ሽቦው አሉሚኒየም ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ወርቅና አሉሚኒየም በሙቀት ሲቆዩ ተዋሕደው ሐምራዊ ውሕድ ያበጃሉ፤ አንዱ ከሌላው ፈጥኖ ስለሚሰርግ መካከል ላይ ባዶ ቦታዎች ይፈጠራሉ፣ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። ባለሙያዎች «ሐምራዊው መቅሠፍት» ይሉታል። ከፍተኛ ሙቀት ለሚጠብቀው ዕቃ ሽቦውና ገጹ አንድ ብረት እንዲሆኑ ማድረግ የተሻለ ነው።

ወርቅን ማስቀረት ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል። 80 በመቶ ፓላዲየምና 20 በመቶ ኒኬል ቅይጥ ላዩን በጣም ስስ ወርቅ ሲለበጥበት ለማገናኛ ፒን ጥሩ ፍትጊያ ይችላል። ነገር ግን የፓላዲየም ዋጋ ራሱ እንደ ወርቅ የሚዋዥቅ በመሆኑ ቁጠባው ሁልጊዜ አይገኝም፤ በውሉ የተጻፈው ወርቅ ከሆነም ያለ ፈቃድ መቀየር አይቻልም።

ንጹሕ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ ግን ከገጹ ላይ በራሱ ጊዜ ቀጫጭን የብረት ፀጉሮች ያበቅላል፤ አንዷ ሁለት እግሮችን ካገናኘች አጭር ዙር ይፈጠራል። ሚል-ፒአርኤፍ-38535 ከ97 በመቶ በላይ ቆርቆሮ የሆነ ልባጥን የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢያንስ 3 በመቶ እርሳስ እንዲኖር ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ የወርቅ ፒንን ከቆርቆሮ ሶኬት ጋር ማጋጠም የለብንም። ቆርቆሮው ወርቁ ላይ እየተላጠ ይለጠፋል፣ በጥቃቅን ንዝረት ኦክሳይድ ይሆናል፤ የወርቁ ዋጋ በከንቱ ይቀራል። ሁለቱም ወርቅ፣ አለዚያም ሁለቱም ቆርቆሮ ይሁኑ።

ወጪውን በተመለከተ አንድ ስሌት ይጠቅማል። በ1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 1.27 ማይክሮን ወርቅ ወደ 2.4 ሚሊግራም ይመዝናል፤ ክፍል 6 ከሆነ ወደ 73 ሚሊግራም ይደርሳል። ስለዚህ ከመቆጠብ አንጻር ወርቁን ከማሳሳት ይልቅ የሚለበጠውን ቦታ መወሰን ይሻላል። ፒኑ የሚነካካበት ጫፍ 1.27 ማይክሮን ጠንካራ ወርቅ፣ የሚበየድበት ጭራ ስስ ወርቅ ወይም ቆርቆሮና እርሳስ፣ መካከሉ ኒኬል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የዕቃው መስፈርት እስከፈቀደ ድረስ።

ሲረከቡ

የምስክር ወረቀት ላይ የሰነዱ ስምና እትም፣ ዓይነት፣ የጥንካሬ ደረጃ፣ የውፍረት ክፍልና የሥር ልባጥ አምስቱም መጻፍ አለባቸው። ቀለም ምስክር አይሆንም፤ ጠንካራውም ለስላሳውም ቢጫ ነው።

ውፍረት በኤክስሬይ ይለካል፤ መንገዱ በኤኤስቲኤም ቢ568 ተጽፏል። መሣሪያው በእርግጥ የሚያየው በአንድ ስፋት ላይ ያለውን የወርቅ ክብደት ነው፤ ወደ ማይክሮን የሚለውጠው በተነገረው ጥግግት ነው። የንጹሕ ወርቅ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ሲሆን በኮባልት የጠነከረው ዝቅ ይላል፣ 17.5 አካባቢ ነው። ለባጩና ተቀባዩ የተለያየ ቁጥር ካስገቡ በአንዱ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ያህል ተለያይተው ይጨቃጨቃሉ፤ በውሉ ላይ የትኛው እንደሚወሰድ አስቀድሞ ይጻፍ። የሚለካበት ነጥብም እንዲሁ መወሰን አለበት፤ ልባጥ በጠርዝ ላይ ይወፍራል፣ በጉድጓድ ውስጥ ይሳሳል፤ ከጫፉ ላይ ለክቶ «አልፏል» ማለት ቀላል ነው።

ቀዳዳዎቹ በናይትሪክ አሲድ ትነት ይመረመራሉ፤ ኤኤስቲኤም ቢ735 ይህን ይገልጻል። ትነቱ በቀዳዳው ገብቶ ሥር ያለውን ብረት ሲበላ በገጹ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ በማጉያ ይቆጠራል። ፈተናው ዕቃውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በናሙና ብቻ ነው። ለመያያዝ ጥንካሬ መታጠፍና ማሞቅ አለ፤ ዕቃው ሲሞቅ ልባጡ ካበጠ ከመለበጡ በፊት ገጹ በደንብ አልጸዳም ማለት ነው። የክኑፕ ጥንካሬ ግን በስስ ወርቅ ላይ በቀጥታ አይለካም፤ የመርፌው ጫና ወደ ኒኬሉ ያልፋልና። ከዚያው ገንዳ የወጣ ወፍራም ናሙና ይጠየቃል፤ ከዕቃው ጋር በአንድ ቀን የተለበጠ መሆኑም በወረቀቱ ላይ ይፈረምበታል።